ምዕራፍ 7፦ «የት ታየ?»

ፎገራ ላይ አዲስ የሩዝ ዘር ይዞ የመጣን ሰው ገበሬው ቶሎ የሚጠይቀው «ስንት ኩንታል ይሰጣል?» ብሎ አይደለም። «የት ታየ?» ብሎ ነው። ወረታ ባለው ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ውስጥ፣ ውሃው ተለክቶ በሚገባበት፣ አረሙ በጊዜው በሚነቀልበት መደብ ላይ የታየ ከሆነ «ኧረ ጥሩ ነው» ይልና ዝም ይላል። የእሱ ማሳ የርብ ወንዝ ሲሞላ የሚዋጥ፣ ውሃው ሲሸሽ ደግሞ የጎረቤት ከብት የሚገባበት ዋልካ ነው። ስለዚህ ዘሩ ከአጥሩ ማዶ፣ እንደ እሱ ያለ ሰው ማሳ ላይ በቅሎ እስኪያየው ይጠብቃል። ኤክስ-ጅግና የተባለው ዘር ከእሱ በኋላ ስንትና ስንት ዝርያ ወጥቶም ለረጅም ዓመታት ከሜዳው ያልወጣው በብዙ ምክንያት ነው። የእህሉ ንጣት አንዱ ነው። ሌላው ግን ሜዳው ላይ የታየ መሆኑ ነው።

ይህ ምዕራፍ ስለ ሩዝ አይደለም። ስለ አንድ ጠርሙስ ነው።

የአክስቴ ልጅ ያመጣው

ለጥምቀት የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ መጥቶ ወረታ ሰነበተ። ለእናቱ ካመጣላት ዕቃ መካከል አረንጓዴ ቅጠል የተሳለበት የአፍ መጉመጥመጫ ነበር።

«እምዬ፣ ይሄን ጠዋትና ማታ ትጉመጠመጪና ትተፊዋለሽ። ለድድሽ ነው።»

«ከምን የተሠራ ነው?»

«ከ... ከዕፅ።»

«ከምን ዕፅ?»

ልጁ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ወደ ጠርሙሱ ዞርኩ። ቅጠሉ እንደ እጅ ጣት የተዘረጋ፣ ጠርዙ መጋዝ የመሰለ፣ በቲሸርት ላይ የሚታወቀው ቅጠል ነው። አክስቴም አልጠፋትም።

«እንግዲህ ለንስሐ አባቴ ምን ልበላቸው ነው?» አለች።

ከሳቁ በኋላ ሁለት ጥያቄ ቀረ። ይሠራል ወይ? ጉዳትስ የለውም ወይ? ሁለቱንም ለመመለስ ፎገራዎች ለሩዝ ዘር የሚያነሡት ያ ጥያቄ ይበቃል ብዬ አምናለሁ።

ከአንድ ተክል ሁለት ጠባይ

ጠርሙሱ ላይ የተሳለው ቅጠል የካናቢስ ነው። ካናቢስ ካናቢኖይድ የሚባሉ ከ100 በላይ ቅባታማ ንጥረ ነገሮችን ይዟል። ሁለቱ ገነው ይታወቃሉ። ቲኤችሲ የሚያሰክረው ነው። ሲቢዲ፣ ሙሉ ስሙ ካናቢዲዮል፣ የጠርሙሱ መለያ ላይ የተጻፈው ሲሆን አያሰክርም። የአንድ እናት ልጆች ሆነው ጠባያቸው የማይገናኝ ወንድማማቾች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያዎችም እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ግምገማ ሲቢዲ ሱስ የማስያዝ ጠባይ እንዳላሳየ ጽፈዋል። ስለዚህ አክስቴ ብትጉመጠመጠው አትሰክርም፤ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው መለያው ላይ የተጻፈው ብቻ ከሆነ። ወደዚህች «ከሆነ» እንመለስባታለን።

ተክሉ ለጣና ዙሪያ እንግዳ አለመሆኑን ለአክስቴ ስነግራት አላመነችኝም። ከሐይቁ በስተምሥራቅ፣ በቀድሞው በጌምድር፣ ላሊበላ የሚባል ዋሻ አለ፤ የላስታው ላሊበላ አይደለም። እዚያ በተደረገ ቁፋሮ የሸክላ ጋያ ራሶች ተገኝተው ነበር። ኒኮላስ ቫን ደር መርዌ የተባለ ተመራማሪ ሁለቱን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው ጽሑፍ የካናቢስ ዱካ እንዳለባቸው አሳየ። የተሠሩበት ዘመን እ.ኤ.አ. ወደ 1320 ገደማ ተገምቷል። ጭሱን የሳቡት ሰዎች ከሞቱ ከ600 ዓመት በኋላ ዱካው ሸክላው ላይ ነበር። የወጥ ድስት ያጠበች ሴት ይህ አይገርማትም፤ ቅባት ሸክላ ውስጥ ሰርጎ ይቀራል።

ቅባትነቱን ያዙልኝ። መጉመጥመጫ አብዛኛው ውሃ ነው፤ ሲቢዲ ደግሞ ውሃ ውስጥ አይሟሟም። አምራቹ ሁለቱን ለማስታረቅ አልኮል ወይም እንደ ሳሙና ያለ አዋሃጅ መጨመር አለበት።

ሰሃኑ ላይ

ሲቢዲ ለአፍ ይጠቅማል የሚሉ ሻጮች የሚጠቅሱት አንድ ጥናት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ነው። ተመራማሪዎቹ ከ72 አዋቂዎች ጥርስ መካከል ፕላክ ወሰዱ። ፕላክ በምዕራፍ 2 ያየነው፣ ጠዋት ምላሳችንን ጥርሳችን ላይ ስናሳልፍ የሚሰማን ስስ አዳላጭ ሽፋን ነው፤ በሕይወት ያሉ ባክቴሪያዎች ሰፈር። የወሰዱትን በሰሃን ላይ አሰራጩት። ሰሃን ስል ክዳን ያላት ጠፍጣፋ የቤተ ሙከራ ሰሃን ነው፤ ውስጧ ለባክቴሪያ ቀለብ የሚሆን፣ እንደ ረጋ ቅባት ያለ ነገር ተደርጎባታል። ከዚያ የተለያዩ መጉመጥመጫዎችን በትንሽ በትንሹ አደረጉባትና ጠበቁ።

ዘይት በተንሳፈፈበት ውሃ ላይ አንድ ጠብታ ሳሙና ሲወድቅ ዘይቱ ወደ ዳር እንደሚሸሸው፣ መድኃኒቱ ባረፈበት ዙሪያ ባክቴሪያ ያልበቀለበት ክብ ይታያል። ክቡ በሰፋ መጠን መድኃኒቱ ይበልጥ ገድሏል ማለት ነው። ከ1 በመቶ ያነሰ ሲቢዲ ያለበት መጉመጥመጫ ያሳየው ክብ፣ በጥርስ ሐኪሞች ዘንድ የመጉመጥመጫዎች አለቃ ከሆነው ክሎርሄክሲዲን ጋር የሚተካከል ሆነ።

ጥሩ ውጤት ነው። አላጣጥለውም። ጸሐፊዎቹ የካናቢስ የጥርስ ምርቶች ከሚሠራ የቤልጅየም ኩባንያ መሆናቸውም ብቻውን ሥራውን ሐሰት አያደርገውም። የበሬ ሻጭ በሬውን ቢያሞግስ ዋሸ አይባልም፤ የገበያ ወግ ነው። ገዢው ግን አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል።

እኛም እንየው። የት ታየ? ሰሃን ላይ።

ከሰሃን እስከ አፍ ስንት ቀን ያስኬዳል?

ሰሃኗ ላይ መድኃኒቱ ካረፈበት አይነሣም፤ ባክቴሪያውም መሸሻ የለውም፤ እስከ ማግሥቱ ተፋጠው ያድራሉ። አፍ ውስጥ ግን ፈሳሹ የሚቆየው ግማሽ ደቂቃ ወይም አንድ ደቂቃ ነው፤ ከዚያ ይተፋል። የቀረውን ምራቅ ያጥበዋል። ምራቃችን በቀን ከግማሽ ሊትር እስከ አንድ ሊትር ተኩል ይፈስሳል፤ ርብ ያገኘውን ሁሉ እየጠረገ ጣና እንደሚያገባው ሁሉ ምራቅም ወደ ሆድ ያወርዳል።

ይህ ቀላሉ ልዩነት ነው። ከባዱ የፕላኩ አኗኗር ነው። የጉማራን ወንዝ በእግር የተሻገረ ሰው በምዕራፍ 2 ያነሣነውን አዳላጭ ድንጋይ ያስታውሳል። ክረምቱን ሙሉ ያ ሁሉ ጎርፍ በላዩ አልፏል፤ ዛፍ ነቅሏል፣ ግንድ ተሸክሟል። ድንጋዩ ላይ የተጣበቀው ልጋግ ግን አሁንም አለ፤ ተሻጋሪውን ያንሸራትታል። ተረከዝህን አሳርፈህ ብታሸው ግን በአንድ አፍታ ይለቃል።

የጥርስ ፕላክ ተፈጥሮው ይኸው ነው። ባክቴሪያዎቹ በየፊናቸው የሚንሳፈፉ ብቸኞች አይደሉም። ራሳቸው ባመነጩት ሙጫ ተያይዘው፣ ፎቅ በፎቅ ተደራርበው የሚኖሩ ናቸው። የላይኞቹ ቢሞቱ ለታችኞቹ ጣሪያ ይሆናሉ። ተንሳፋፊውን ባክቴሪያ የሚገድል የመድኃኒት መጠን፣ ያው ባክቴሪያ በሙጫው ውስጥ ሲሆን እስከ 1,000 እጥፍ መጨመር ሊኖርበት ይችላል። ሰሃኗ ላይ የተሰራጨው ፕላክ ግን አስቀድሞ ከጥርስ ተፍቆ የተነሣ፣ ሰፈሩ የፈረሰበት፣ ሜዳ ላይ የተበተነ ነው። ከባዱ ሥራ፣ ማለትም መፋቁ፣ መድኃኒቱ ገና ሳይነካው ተሠርቶ አልቋል! ሻጮቹ ሲናገሩ ይህቺን ነገር ይዘሏታል።

ታዲያ ክሎርሄክሲዲን አፍ ውስጥስ እንዴት ይሠራል? እዚህ ላይ ወደ አፈሩ ልመልሳችሁ። ፎገራ ለሩዝ የተስማማው ዝናብ ከሌላው ስለበለጠ ብቻ አይደለም። ዋልካው ውሃ ስለሚይዝ ነው። አሸዋ ላይ ያንኑ ዝናብ ብታፈስሰው በነጋታው የለም፤ ዋልካ ግን ይጨብጠዋል፣ ቀስ እያለም ይለቀዋል። ክሎርሄክሲዲንም ከተተፋ በኋላ አፍ ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል። በኤሌክትሪክ ቋንቋ እሱ ፖዘቲቭ ነው፤ የጥርሱ ሽፋንና የአፍ ቆዳ ደግሞ ኔጌቲቭ ናቸው፤ ስለዚህ ይሳሳባሉ። ከዚያ እስከ 12 ሰዓት ድረስ በጥቂት በጥቂቱ ይለቀቃል። አንድን መጉመጥመጫ ጠንካራ የሚያሰኘው የገዳይነቱን ያህል የመቆየት ችሎታው ነው። ሰሃን ይህን ሊያሳየን አይችልም፤ ሰሃን አይተፋም።

የክሎርሄክሲዲን ዝና ከሰሃን የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970 ሃራልድ ሎይ እና ባልደረባው ሾት በሰዎች አፍ አሳዩት፤ ጥርሳቸውን ሳያጥቡ በቀን ሁለት ጊዜ ብቻ በእሱ የተጉመጠመጡ ሰዎች ፕላክ አልሠሩም። በእኛ ቋንቋ ማሳ ላይ ታየ ማለት ነው። ማሳ ላይ በመታየቱም ጉድለቱ አብሮ ታየ፤ ጥርስን ቡናማ ያደርጋል፣ የምግብ ጣዕም ይለውጣል። ሐኪሞች ለተወሰነ ጊዜ ብቻ የሚያዙት ለዚህ ነው። ደግሞም አይመርጥም። በምላስ ጀርባ የሚኖሩ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ከጎመንና ከመሰል ቅጠላቅጠል የምናገኘውን ናይትሬት ለደም ሥር መላላት የሚያገለግል ነገር አድርገው ይለውጡልናል። አረም ገዳይ ብሎ ረጭቶ ሩዙንም አብሮ እንደሚያቃጥል ሰው፣ አፉን ሁሌ በጠንካራ ገዳይ የሚያጥብ ሰው እነዚህንም ይፈጃቸዋል። አክስቴ የግፊት ክኒን የምትውጥ ስለሆነች ይህን ሳነሣላት ጆሮዋን ቀና አደረገች።

አንድ ልዩነት ይቀራል። ባክቴሪያ መቀነስና ድድ መዳን አንድ አይደሉም። የድድ ጤና የሚለካው በመድማቱ፣ በማበጡ፣ ጥርሱን ይዞ በመቆየቱ ነው። እዚሁ ሎይ ዘንድ እንቆይ። እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው ሥራ 12 ጤናማ ሰዎችን ጥርሳችሁን ማጽዳት አቁሙ አላቸው። ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ የሁሉም ድድ ታመመ። ማጽዳቱን ሲጀምሩ በሳምንት ገደማ ዳነ። ይህን ሥራ የምወድደው በቀላልነቱ ነው። ድንጋዩን ማሸት ተዉ፤ ልጋጉ መጣ፤ አሹት፤ ለቀቀ። ማንኛውም ጠርሙስ ይህን ፈተና ሲያልፍ ነው «ለድድ ነው» ሊባል የሚገባው።

ጉዳቱስ የት ታየ?

«ጉዳት የለውም» የሚለውም ቃል እንደ ሩዙ ዘር አንድ ቦታ ላይ መታየት አለበት። የሲቢዲ ጉዳት በደንብ የታየው መጉመጥመጫ ላይ ሳይሆን በሚዋጥ መድኃኒት ላይ ነው። ኤፒዲዮሌክስ የተባለውን የሲቢዲ ሽሮፕ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2018 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ለሁለት ከባድ የልጅነት የሚጥል በሽታ ዓይነቶች ፈቀደው። የሚሰጠው ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት በቀን ከ10 እስከ 20 ሚሊግራም ነው፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ600 እስከ 1,200 ሚሊግራም ማለት ነው። በዚህ መጠን ተቅማጥ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት፣ የጉበት ምርመራ ውጤት መዛባት ታይቷል። ሲቢዲ ጉበት መድኃኒቶችን የሚፈጭበትን ወፍጮ ስለሚይዝበትም አብረው የተወሰዱ መድኃኒቶች ሳይፈጩ ደም ውስጥ ይጠራቀማሉ። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ክሎባዛምና ደም የሚያቀጥነው ዋርፋሪን ከእነዚህ መካከል ናቸው።

ተጉመጥምጦ በሚተፋ ፈሳሽ ወደ ሰውነት የሚገባው ከዚህ እጅግ ያንሳል። ለጤነኛ አዋቂ ሰው ትልቁ ሥጋቴ ሲቢዲው ራሱ አይደለም። ትልቁ ሥጋቴ ያቺ ያስቀመጥናት «ከሆነ» ናት።

እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት በኢንተርኔት የሚሸጡ 84 የሲቢዲ ምርቶችን ገዝቶ መረመረ። በመለያው ላይ የተጻፈውንና ውስጡ ያለውን ሲያስተያይ የተጣጣሙት 26ቱ፣ 31 በመቶ፣ ብቻ ነበሩ። በ18ቱ ውስጥ ቲኤችሲ ተገኘ። ያውም ቁጥጥር አለበት በሚባል አገር። በርበሬ ከሸክላ ዱቄት፣ ቅቤ ከሙዝ ጋር ተቀላቅሎ ሲሸጥ ያየን ሰዎች ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገንም። ስለዚህ ለነፍሰ ጡር፣ ለምታጠባ እናት፣ መትፋት በቅጡ ላልለመደ ሕፃን፣ በየቀኑ መድኃኒት ለሚውጥ ሰው፣ ጠርሙሱ ይቅርባቸው እላለሁ።

«ከተክል የተሠራ ነው» የሚለውም መከላከያ አይሆንም። አስተናግርም ተክል ነው። ዘሩን ፍም ላይ አድርጎ በጭሱ የጥርስ ሕመም ማስታገስ በአገራችን የቆየ ነው፤ የጥርሱ ትል ይወጣል ተብሎም ይታመናል። ጥርስ ውስጥ ትል የለም። አስተናግር ውስጥ ግን ልብ የሚያስደልቅና ሰው የሚያስቀባጥር መርዝ አለ።

ሕጉን በአጭሩ ልለፈው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 525 የሚያደነዝዝ ዕፅ ማምረትን፣ ማዘዋወርንና መጠቀምን ይቀጣል። መለያው ላይ የካናቢስ ቅጠል የተሳለበት ጠርሙስ በሻንጣ ይዞ የሚገባ ሰው «የድድ መድኃኒት ነው» ማለቱ ከጥያቄ አያድነውም። የአክስቴ ልጅ ይህን ስነግረው ከጥምቀቱ ይልቅ የመመለሻው ቀን ያሳስበው ጀመር፤ ይዞት እንዳይመለስ ጠርሙሱን እዚሁ ተወው።

ማሳ ላይ የታየው

አክስቴ ከልጅነቷ ጀምሮ በወይራ መፋቂያ ነው የምትፍቀው። ልጇ ጠርሙሱን ያመጣው ከዚህ «ኋላቀር» ነገር ሊያሳርፋት ነበር። ስለ መፋቂያ ግን ማስረጃውን ባሕር ማዶ መፈለግ አያሻም። እ.ኤ.አ. በ1978 ቤንት ኦልሰን የተባለ ተመራማሪ በኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ላይ ባሳተመው ጥናት፣ አጠቃቀሙን የተማሩ ልጆች በመፋቂያ ፕላካቸውን ማንሣታቸው ከብሩሽ የሚያንስ ሆኖ አልተገኘም። የዓለም ጤና ድርጅትም መፋቂያ በተለመደባቸው ቦታዎች ሰዎች እንዲጠቀሙበት መክሯል። ሰሃን ላይ አይደለም የታየው፤ የእኛው ልጆች አፍ ውስጥ ነው።

ምክንያቱም ከጉማራው ድንጋይ ጋር አንድ ነው፤ ያሻል። እርግጥ መፋቂያም ጉድለት አለው። ሰው የፊት ጥርሱን ያሳምርበትና የኋላዎቹን፣ ከሁሉ በላይ የመንጋጋውን የውስጥ በኩል፣ ይረሳል። አንዳንዱ ያንኑ የደረቀ ጫፍ ሳምንት ይዞት ይዞራል፤ ጫፉ በየቀኑ ተቆርጦ አዲስ መታኘክ አለበት። አግድም መሞረድ ድድን ወደ ኋላ ያሸሻል፤ ከድድ ወደ ጥርስ ጫፍ መጥረግ ይሻላል። ፍሎራይድም የለውም። በምዕራፍ 3 እንዳየነው ጥርስ እንዳይቦረቦር በመከላከል ረገድ ፍሎራይድ ያለበት ሳሙና ጥቅሙ በብዙ ሰዎች አፍ የተመሰከረ ነው። አክስቴን ከዚህ በላይ አላስቸገርኳትም። ቀን በመፋቂያዋ፣ ማታ ከመተኛቷ በፊት በብሩሽና በፍሎራይድ ሳሙና ተባባልን። ድድሽ ከሁለት ሳምንት በላይ ከደማ ግን ለሐኪም ማሳየት ነው አልኳት፤ ምክንያቱም ደንድኖ ድንጋይ የሆነውን ፕላክ መፋቂያም ጠርሙስም አያነሣውም፤ በመሣሪያ ይፋቃል።

«ታዲያ ይሄ ምን ይሁን?» አለች፣ ጠርሙሱን እያሳየችኝ።

መለያውን አነበብኩላት። በደቃቅ ፊደል «ጥርስዎን ካጸዱ በኋላ ይጠቀሙ» ይላል።

«ካጸዳሁ በኋላ?»

«አዎ።»

ጠርሙሱን መስኮቱ ሥር፣ ከማሾው አጠገብ አስቀመጠችው። በፋሲካ ስሄድ እዚያው ነበር። አልተከፈተም። በሙቀቱ ይመስለኛል ቅባቱ ከውሃው ተለይቶ ወጥቶ፣ አንገቱ ዙሪያ ጣት የማትሞላ ቢጫ መስመር ሠርቷል።